ማዕቀቡን ማን ይጠብቀዋል?

ጓዶች! ማዕቀብ ተጣለ በተባለ ቁጥር ከማጨብጨባችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ምን ተትቶ? መቼስ ተጣለ?

የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ነበር። ከማኅበሩ የወጣችው፣ ዛሬ እኛ የምንኖርባት ጀርመን የድንጋይ ከሰል ሸጠችለት። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነትም የጸጥታው ምክር ቤት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ የጣለው በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት ሁለት ዓመት ሙሉ መሣሪያ ሸምተው፣ የድኻው ልጅ በየምሽጉ ከረገፈ በኋላ!

በወረቀት የሰፈረ ውሳኔ ብቻውን ጦርነት አያቆምም። የነዳጁን፣ የወደቡንና የባንኩን መንገድ ነቅተን እንከታተል፤ ለሰፊው ሕዝብ እናጋልጥ!

ሪደርቫልድ፣ ፍራንክፈርት