በጅግጅጋና በሰሜን ሶማሌ ከተሞች የውኃ ምርመራው እስከ ጀሪካኑ ሊዘልቅ ይገባል

በ2009 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ድርቁን ተከትሎ የተዛመተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የበርካታ ወገኖችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። ወረርሽኙ ይበልጥ የበረታው በዶሎና በአጎራባች ዞኖች ቢሆንም፣ ለስጋት የሚዳርገው የውኃ አቅርቦት ሁኔታ በሰሜኑም አለ።

ከጅግጅጋ እስከ ሽንሌ ባሉ ከተሞች ውኃ ለነዋሪው የሚደርሰው በቧንቧ ብቻ ሳይሆን በቦቴ፣ በአህያ ጋሪና ከብርካ ጭምር ነው። ከጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውኃ ጀሪካን ውስጥ ሊበከል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በማከፋፈያ ቦታ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። ናሙናው ከማጠራቀሚያው ብቻ ከተወሰደ ግን ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ አልተመረመረም ማለት ነው።

የፍሳሽ ምርመራ ጠቀሜታም ቀላል አይደለም። በ2005 ዓ.ም እስራኤል የፖሊዮ ቫይረስን በፍሳሽ ውስጥ ያገኘችው አንድም ሕፃን ሽባ ሳይሆን ነበር። በዚያው ዓመት በዶሎ ዞን ቫይረሱ የታወቀው ሕፃናት ከታመሙ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ ነዋሪው በአብዛኛው በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት በሚገለገልበት ከተማ ናሙና የሚቀዳበት ዋና የፍሳሽ መስመር አይገኝም፤ ናሙናውን ከፍሳሽ ማንሻ መኪናዎችና ከጎርፍ መውረጃ ቦዮች መውሰድ ግድ ይላል። የውኃና የጤና ቢሮ ባለሙያዎችም ውጤቱን በዕለቱ ሊለዋወጡ ይገባል፤ የብክለት ውጤት በሩብ ዓመት ሪፖርት ከደረሰ ክሎሪን የሚጨመርበት ጊዜ አልፏል።