ሜዳልያውስ መጣ፤ ቀኑን ማን ይመልስ?

እስቲ ከቁጥር እንጀምር። ሐምሌ 30 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ለንደን፣ የሴቶች 3,000 ሜትር መሰናክል። ሶፊያ አሰፋ በ9 ደቂቃ ከ09.84 ሴኮንድ ገባች። ኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ በ9 ደቂቃ ከ09.88። በ4 መቶኛ ሴኮንድ ማለት ነው! ሶፊያ ነሐስ አጠለቀች፣ እኛም በየቤታችን ጨፈርን። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት ዩሊያ ዛሪፖቫ ነበረች። ለሷም ወግ ነውና አጨበጨብን፤ ምን እናውቃለን!

መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የዛሪፖቫን ውጤት ሰረዘ። አበረታች መድኃኒት ነው ነገሩ። ቱኒዚያዊቷ ሀቢባ ግሪቢ ወርቅ፣ ሶፊያችን ብር ሆኑ። 3 ዓመት ከ7 ወር ዘግይቶ!

"ዘገየ እንጂ ደረሰ፣ ምን ያንጨረጭርሃል?" የሚሉኝ አሉ። እኔ የምለው ግን የደረሰው ዕቃ የተበላሸ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመንጌ ነው። እዚህ ሰው ወርቅ ቆፍሮ፣ በገበቴ አጥቦ ያድራል። ስለ ወርቅ ለመንጌ ሰው ማንም አያስተምረውም። የኦሊምፒኩ "ወርቅ" ራሱ 6 ግራም ያህል ወርቅ የተለበጠ ብር ነው ብትሉት ይስቅባችኋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ወዲህ ነው። ለአንድ የመንጌ ቆፋሪ "ወርቅህን ዛሬ አስረክብ፣ ከ8 ዓመት በኋላ መጥተህ በዛሬው ዋጋ ብርህን ትወስዳለህ" በሉት እስቲ። ገበቴውን ይዞ ነው የሚነሳባችሁ! ለአትሌቶቻችን ግን የተደረገው ልክ ይኸው ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም የሜዳልያ ዋጋው ብረቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። ስታዲየሙ ሞልቶ፣ ሰንደቅ ዓላማው ከፍ ብሎ፣ እናት ሰፈር ውስጥ እልል ስትል የዋለችበት ቀን። የጫማ ኩባንያውም፣ የሩጫ አዘጋጁም ውል ይዞ የሚመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከዓመታት በኋላ ስሟ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ከፍ ያለላትን ሯጭ ማን ይፈልጋል?

የመሠረት ደፋር ጉዳይ ደግሞ ደም ያፈላል። ነሐሴ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አበይለገሠ ብር፣ መሠረት ነሐስ ወሰዱ። የኤልቫን ውጤት የተሰረዘው በ2009 ዓ.ም. ነው። በምን ተያዘች? በ1999 ዓ.ም. በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና በሰጠችው ናሙና! አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፦ ቤጂንግ ላይ ሽጉጡ ሲተኮስ ማስረጃው ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። የያኔው መሣሪያ አላየውም ነበር፣ አዲስ ዘዴ ሲመጣ ነው የተገኘው ይላሉ። ይሁን፣ እንቀበል። ታዲያ ለመሣሪያው ድክመት ዕዳውን ንጹሕ የሮጠችው ለምን ትከፍላለች? ኬንያዊቷ ሲልቪያ ኪቤትማ 4ኛ ወጥታ የሽልማት መድረኩን ከታች አይታ ነው የተመለሰችው። የነሐሷ ባለቤት ራሷ ነበረች!

አበባ አረጋዊስ? ለንደን ላይ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ ሮጣ 5ኛ ወጣች። ከፊቷ ከገቡት አራት ሴቶች ሦስቱ ተራ በተራ ተሰረዙ። የመጨረሻዋ ሩሲያዊት ታቲያና ቶማሾቫ የተሰረዘችው በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። 12 ዓመት! በዚህ መሀል አበባ ለስዊድን መሮጥ ጀምራ በ2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ያኔ በወቅቱ መድረክ ላይ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? መልሱን ለናንተው እተዋለሁ።

አሁን አስቂኙ ነገር። የፓሪስ 2024 ሜዳልያዎች ወራት ሳይቆዩ መላጥ፣ መዛግ ጀመሩ። የሪዮ 2016ዎቹም ከመቶ በላይ እየዛጉ ተመልሰው ነበር። የፓሪሱ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ታዲያ ምን አለ? የተበላሸውን አምጡ፣ በአዲስ እንቀይራለን! ጎሽ! ብረት ሲላጥ ቀያሪ አለ። ቀን ሲላጥስ ኃላፊው ማነው?

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በበኩሉ ፓሪስ ላይ ለዘገዩ ባለሜዳልያዎች ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቷል። የለንደን 2012ን የ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ አሜሪካዊቷ ላሺንዳ ዴመስ ከ12 ዓመት በኋላ እዚያ ተቀበለች። ከምንም ይሻላል፣ አልክድም። ነገር ግን አበባና ጭብጨባ ካሣ አይደለም። ያጭበረበረችው በዚያ ውጤት ስም ያገኘችው ገንዘብ ተመልሶ ለተበደለችው ይድረስ። የዓለም አትሌቲክስ ለፓሪስ አሸናፊዎች 50 ሺህ ዶላር መክፈል ከቻለ፣ ለተሰረቁትም ቋት ማበጀት አያቅተውም።

ወደ ቤታችንም እንምጣ፤ በፈረንጅ ላይ ብቻ መጮኽ ልማድ ሆኖብናል። በአገራችን የባለድሎች ሽልማት የሚተመነው በሜዳልያው ቀለም ነው፤ የነሐሱ ለብቻ፣ የብሩ ለብቻ። ስለዚህ ቀለሙ ሲቀየር ሒሳቡም መቀየር አለበት። ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው የእያንዳንዷን ልዩነት አስልተው፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደተከፈለ በአደባባይ ይንገሩን። ቱኒዚያ ለሀቢባ ግሪቢ ወርቋን በገዛ ምድሯ፣ በሕዝቧ ፊት አጥልቃላታለች። ሶፊያና መሠረትም ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ይገባቸዋል፤ መዝሙሩም ይዘመር፣ ሰልፉም ይሰለፍ።

ሒሳቡ ከበደን የሚሉ ባለሥልጣናት ካሉ መንጌ ብቅ ይበሉ። ሚዛን የያዘ ሰው እዚህ አይጠፋም።