ጓጉንቸር ብቻውን ሱቅ አይጠብቅም

ወገን፣ ዛሬ ስለ ትልቁ ፖለቲካ ትተን ስለ ሰፈራችን ሱቅ እናውራ።

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር የአንድ ልጅ ሱቅ ተዘረፈ። ተመርቆ ሥራ ሲያጣ በእናቱ እቁብና በዘመድ ብድር የከፈታት የሞባይል ሱቅ ናት። በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ነበረ። ሌባው ግን በሩን አልነካውም፤ ከጀርባ ወጥቶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገልጦ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማን ይሰማል? ጠዋት ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፣ መደርደሪያው ግን ባዶ። በጣም ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? ጎረቤቱ "ሌሊት ኮቴ ሰምቼ ነበር" አለ። ሲነጋ!

በሽታችን ይሄ ነው፦ "ምን አገባኝ"። አባቶቻችን አውጫጭ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ስርቆት ሲደርስ የአገሬው ሰው ተሰብስቦ ሌባውን ያወጣጣል፤ ካልተገኘ ኪሳራውን በጋራ ይከፍላል። ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ንጹሕ ሰውም አብሮ የሚቀጣበት ነበር። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው፦ የአንዱ መሰረቅ የሁሉም ዕዳ ነው።

እና ምን እናድርግ?

አንድ፦ ባለሱቆች ተዋጥታችሁ አንድ የታወቀ ዘበኛ ቅጠሩ። ለአንድ ሰው የሚከብደው ደሞዝ ለአሥር ሱቅ ቀላል ነው። ከኋላ በኩልም መብራት ይኑር።

ሁለት፦ በሩን ብቻ አትዩ። ከቆርቆሮው ሥር የብረት ፍርግርግ አሠሩ፤ የጀርባውን ግድግዳም ፈትሹ።

ሦስት፦ ጥሬ ብር ሱቅ ውስጥ አታሳድሩ። ማታ ባንክ ወይም ቴሌብር ላይ አስገቡት። ባዶውን መሳቢያም ክፍት ተዉት፤ ሌባ የተቆለፈ ነገር ሲያይ ብር ያለ ይመስለዋል።

አራት፦ ስልክ የምትሸጡ፣ *#06# ስትነኩ የሚመጣውን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ "ስልክ ተሰረቅኩ" ከማለት "ይሄ ቁጥር ያለው ስልክ ተሰረቀብኝ" ማለት ይሻላል።

ሌባ ከተያዘ ደግሞ አትደብድቡ! "ሌባ! ሌባ!" ስለተባለ ብቻ ያለ ጥፋቱ የሚፈነከት ስንት አለ። ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ጀግንነት ነው፤ ተሰብስቦ አንድን ሰው መርገጥ ግን ፈሪነት ነው። "የእነ እንትና ዘር ነው" የምትሉም ተዉ። ሌባ ብሔር የለውም፤ ገበያ ግን አለው።

ገበያው ማነው? እኛ ነን! ካርቶንና ደረሰኝ የሌለው ስልክ በግማሽ ዋጋ ሲመጣልን "እድል ነው" ብለን የምንገዛ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕግም ወንጀል ነው። የዚያ ልጅ ስልኮች ዛሬ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ናቸው። ምናልባት ይሄን የሚያነብ ሰው ኪስ ውስጥ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። አንበሳው ይቆየንና መጀመሪያ የሰፈራችንን ሌባ እናስቁም። ዛሬ ማታ ኮቴ ከሰማህ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ለባለሱቁ ደውልለት።