ሆድ የባሰውን ሰው «ተመችቶሃል» አትበሉት



ዛሬ ስለ ካርድ እድሳትም ሆነ ስለ ሪሴትልመንት አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ቦርጭ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ካርቱም ውስጥ፣ አገር ቤት ሳለን ከነበረን ኪሎ ላይ አሥርና አሥራ አምስት ጨምረን የምንኖር ብዙ ነን። ጅሬፍን፣ ዴምን፣ ሰሐፋን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ፎቶ ስንለጥፍ የሚመጣልን ኮሜንት አንድ ዓይነት ነው፦ «ኧረ ተመችቶሃል!» በኢሞ የምታየን እናትም «እሰይ ልጄ፣ ወዝህ ተመለሰ» ብላ ትመርቃለች። እኛም ዝም እንላለን። ምን እንበላት?

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የብዙዎቻችን ውፍረት የምቾት ሳይሆን የሐዘን ነው። ሐዘኑን ሳናይ ኪሎውን ብቻ የምናሞግስ ወይም የምናሾፍበት ከሆነ ወገናችንን እየጎዳነው ነው።

አማርኛችን ይህን ነገር ከድሮም ያውቀዋል። ሐዘንን የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሰው ሲከፋው «ሆድ ባሰኝ» ይላል። ሲጨንቀው «ሆዴን ባር ባር አለው» ይላል። የማይነገረውን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፈዋል። ታዲያ ሆድ የባሰው ሰው ማታ ብቻውን ሲቀመጥ እጁ ወደ ዳቦው ቢሄድ ምን ይገርማል? ችግሩ ዳቦ ረሃብን እንጂ ሆድ ብሶትን አለማስታገሱ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዳቦ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝና በክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ላስረዳችሁ። ሰውነት አደጋ ሲሰማው ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። አደጋው የአንድ ቀን ከሆነ ነገሩ ያልፋል። ጭንቀቱ ወራትና ዓመታት ሲቆይ ግን የምግብ ፍላጎት ይነሣሣል፣ በተለይ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል፣ ስቡም ወደ ሆድ አካባቢ ይሰበሰባል። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ረሃቡ ይብሳል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነሥቶ ዳቦ የሚገምጥን ስደተኛ «ሆዳም» የሚል ሰው ይህን አያውቅም ማለት ነው።

ጭንቀቱ ከየት መጣ አትሉኝም። የሱዳን የ2014 (እ.ኤ.አ.) የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣና እንዳይሠራ ይከለክላል። በዓለም ላይ ካለው ስደተኛ ውስጥ በሪሴትልመንት ሦስተኛ አገር የሚደርሰው በዓመት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የብዙዎቻችን ሥራ መጠበቅ ሆኗል። ስልክ እንጠብቃለን፣ ቀጠሮ እንጠብቃለን። ውጭ እንዳንወጣ ከሻ የሚሉትን አፈሳ እንፈራለን፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ አንዳንዴ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ፍራሽ፣ ስልክና ዳቦ ብቻ ነው። ሰው ምን እንዲሆን ነው የምትጠብቁት?

«ሰው እየተራበ አንተ ስለ ቦርጭ ታወራለህ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴ፦ ረሃብና ውፍረት አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ኪስ ሲሳሳ የሚገዛው ዳቦ፣ ስኳርና ዘይት ነው። አትክልትና ሥጋ ይቀራል። ጠዋት ምንም ያልቀመሰ ሰው ማታ የሚያገኘው ዘላቢያና ሻይ ነው።

እስቲ ሻዩን ብቻ እንቁጠር። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር እንያዝ፣ ከዚያ በላይ የሚጨምር እንዳለ እህቶቻችን ሻይ ሻጮቹ ይመስክሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው። በቀን ስድስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 72 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። የስድስቱ ብርጭቆ ስኳር በዓመት ከ26 ኪሎ ይበልጣል! ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት ሱዳን በአፍሪካ የስኳር በሽታ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ካርድ ለማሳደስ የተቸገረ ሰው በየወሩ መድኃኒት ከየት ሊገዛ ነው?

እኔ ከመስከረም ወዲህ ከ92 ኪሎ ወደ 85 ወርጃለሁ። ሰዉ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ምነው ከሳህ? አሞህ ነው?» ከዚያም በሹክሹክታ «ተመርምረሃል?» አገራችን ረሃብንም ኤድስንም ስላሳለፈች «ከሳ» የሚለው ቃል አሁንም በሽታና ሞት ይሸትታል። ከመክፋቱ የተነሣ አንዳንዱ መቀነስ ጀምሮ ወሬውን ፈርቶ ይተዋል። እባካችሁ ይህን እናርም። ኪሎ የሚቀንስን ሰው «በርታ» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ለመቀነስ ረሃብ አድማ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 92 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 150 ደቂቃ ደግሞ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ ነው። ጂም አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

በእኔ ላይ የሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ እራትን ከሰው ጋር አደረግሁ። አራት ሆነን በአንድ ትሪ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት እንበላለን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን አባባል ስለ ስስት ብቻ የተነገረ አድርገን እንወስደዋለን፣ ለስደተኛ ግን ቃል በቃል ምክር ነው። ሰው አጠገብህ ሲኖር ታወራለህ፣ ስታወራ ሆድህ ይቀልላል፣ ሌሊት ዳቦ አትፈልግም። ቀጥሎ የሻዩን ስኳር ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረድሁ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ሦስተኛው መራመድ ነው።

ሁዳዴ ገብቷል፣ ረመዳንም እየቀረበ ነው። ጾም ለነፍስ ነው፣ ለኪሎ መቀነሻ አልተሠራም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በዘይት በራሰ ሳምቡሳና በስኳር ሻይ የሚገድፍ ሰው ሲፈታ ወፍሮ ይወጣል። ሽሮውና ምስሩ፣ ፉሉም ዘይቱ ቀነስ ሲል ጥሩ ምግብ ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

እህቶቼ፣ በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን የማወፈሪያና የማቅጠኛ ኪኒኖች ተጠንቀቁ። ከማወፈሪያዎቹ ውስጥ ኮርቲዞን ያለባቸው አሉ። ፊትን ያሳብጣሉ፣ ደም ውስጥ ያለውን ስኳርና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆምም አደጋ ነው። የጀመራችሁ ካላችሁ በራሳችሁ ሳታቋርጡ ሐኪም ጠይቁ።

የመጠበቁን ጉዳይ በእግር ጉዞ አንፈታውም። ለሥራ ፈቃድና ለመንቀሳቀስ መብት መጮኻችንን እንቀጥላለን። ግን መልሱ የመጣ ቀን በእግራችን ቆመን መቀበል አለብን። ልጆቻችንም እያዩን ነው። ክፍል ውስጥ የማስተምራቸው የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ሐዘንን በምን እንደሚያስታግሱ የሚማሩት ከእኔ ደብተር ሳይሆን ከእኛ ከታላላቆቻቸው ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወፍሮ ያገኛችሁትን ወዳጃችሁን «እንቅልፍህ እንዴት ነው? ማታ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁም ለእራት ጥሩት።

ጅሬፍና አካባቢው ያላችሁ፣ ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሳይበረታ በአባይ ዳር እንራመዳለን። አሁን ስድስት ነን። ካርዳችሁን ያዙ፣ ብቻችሁን አትምጡ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ኑ። የምንገናኝበትን ቦታ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።