ከመሬት ሥር ያለ ቤት

በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ኩበር ፒዲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ 2 ሺህ አይሞላም። በ1915 በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ውሃ ፍለጋ ወጥቶ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቆፋሪው ከየአገሩ መጣ። ይህን ድንጋይ የደላንታ ገበሬም ያውቀዋል።

ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ብዙው ሰው ኮረብታውን ፈልፍሎ እዚያው ውስጥ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ከመሬት ሥር አላቸው። ላሊበላን ላየ ሰው ይህ አዲስ አይደለም!

ውሃው ጨዋማ ነው። ከሩቅ በቧንቧ አምጥተው፣ ጨዉን አጣርተው ይጠጡታል።

ክፉው ነገር ጉድጓዱ ነው። ኦፓል የተፈለገበት ጥልቅ ጉድጓድ ክፍቱን ቀርቷል። «አትሩጡ! የኋሊት አትራመዱ!» የሚል ማስጠንቀቂያ ተተክሏል። ላላነበበ ሰው ደግሞ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ሥዕል አለበት።