የልዑሉ ቤትና የሸክላ ሠሪው ስም

ካይሮ፣ ዛማሌክ በተባለው ሰፈር፣ በ1920ዎቹ የተሠራ የልዑል ዐምር ኢብራሂም ቪላ አለ። በ1953 የመሐመድ ዓሊ ሥርወ መንግሥት ንብረት ሲወረስ ቤቱም ተወረሰ፤ በ1999 የእስላማዊ ሸክላ ሥራ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። የፋጢማውያን ዘመን ሸክላ ግን ብርና መዳብ ያለበት ቀለም ተቀብቶ ዳግመኛ በእሳት ስለሚተኮስ እንደ ወርቅ ያበራል። በዚያ ዘመን ሙስሊምና ሳዕድ የተባሉ ሸክላ ሠሪዎች ስማቸውን በሥራቸው ላይ ይጽፉ ነበር፤ ከ900 ዓመት በላይ አልፎም በስማቸው እንጠራቸዋለን።

እኛስ? በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ በሰፊው ሕዝብ ስም ተወረሰ። ለመሆኑ ከእነዚያ ቪላዎች ስንቱ ለባለእጁ መታሰቢያ ዋለ? የቀጨኔዋን ሸክላ ሠሪ ጀበናዋን ከቤታችን አስገብተን፣ እርሷን ግን «ቡዳ» ብለን ከደጅ አስቀረናት። (ቡናውን ስንጠጣ አላፈርንም።)

«ሙዚየም እንጀራ አይሆንም» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነት ነው። ይሁንና ሠሪዋ የማትታወቅ ጀበና በገበያ ላይ ዋጋዋን የሚቆርጥላት ነጋዴው ብቻ ነው።

እኔ የምጠይቀው አንድ ቤት ነው። በመንግሥት እጅ ካሉትና ገና ካልፈረሱት አሮጌ ቪላዎች አንዱ ለሸክላ ይሰጥ፤ በእያንዳንዱ እንስራና ምጣድ ሥርም የሠሪዋ ስም ከነመንደሯ ይጻፍ።