ሪሕላችን ወደ ውሃው ዳር ይሁን



የጀመዓችን ዓመታዊ ሪሕላ ሲቃረብ በየዶርሙ የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስንት እናዋጣ የሚል። ከዚያ አውቶቡስ ይከራያል፣ ድምፅ ማጉያ ይጫናል፣ ምሳ ይታዘዛል፣ ሲመሽ ደክሞን እንመለሳለን። ነሺዳውም ጥያቄና መልሱም ጥሩ ነው፤ ፍሬሾች ከነባሮቹ ጋር የሚተዋወቁት በዚያ ቀን መሆኑን የሚክድ የለም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የሄድንበትን ቦታ አናየውም። ሐይቅ ዳር ሄደን ለሐይቁ ጀርባችንን ሰጥተን እንውላለን፤ ፎቶ ስንነሳም ሐይቁ ከኋላችን ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ሪሕላ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቡን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ቱርክ፣ ኢዝሚር በቆየሁበት ጊዜ ስለሆነ መጀመሪያ ስለዚያ ልንገራችሁ።

ኢዝሚር የባሕር ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የጌዲዝ ወንዝ ወደ ኤጂያን ባሕር የሚገባበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ረግረግ፣ ሸምበቆ፣ ጨዋማ ኩሬ የተቀላቀለበት። ቱርኮቹ ኩሽ ጀኔቲ ይሉታል፣ የወፍ ጀነት ማለት ነው። (ቱርክኛ እንዲህ ነው፤ ግማሹን ቃል ከመድረሳ ታውቁታላችሁ፣ ግማሹ ያስቸግራችኋል።) እኔ በነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ ያሉ የውጭ አገር ሙስሊም ተማሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ አብረው ይወጣሉ፤ በኅዳር ወር ተራው የኩሽ ጀኔቲ ነበር። ሃያ ያህል ነበርን፤ ሶማሌዎች፣ ኢንዶኔዥያውያን፣ ቦስኒያውያን፣ ጥቂት ቱርኮች፣ ከእኛ አገር ሁለት። በከተማው ባቡር እስከ ቺግሊ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ሳሳሊ፣ የቀረውን በእግር። ቁርሳችን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦና ሻይ ነው። በሌላው የቱርክ ከተማ ሲሚት የሚባለውን ዳቦ ኢዝሚሮች ጌቭሬክ ነው የሚሉት፤ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

አስጎብኛችን በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ቱርካዊት እህት ነበረች። መጀመሪያ የነገረችን ሕግ አንድ ነው፤ ድምፅ ማሰማት የለም። ሃያ ተማሪ ለሁለት ሰዓት ያህል በሹክሹክታ ሲያወራ አይቼ የማላውቀውን ያን ቀን አየሁ። ሦስት ባይኖኩላር እየተቀባበልን ነው የምናየው።

ከሩቅ ጭቃው ጫፍ ላይ ሮዝ መስመር ይታያል። ቀረብ ስንል መስመሩ ወፍ ሆነ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ፍላሚንጎ። የሚበላው አንገቱን አጎንብሶ፣ ምንቃሩን ገልብጦ ነው፤ ጭቃማውን ውሃ ስቦ ያስገባና በምንቃሩ ውስጥ ባለው ወንፊት መሰል ነገር ምግቡን አስቀርቶ ውሃውን ይተፋል። ሮዝ ቀለሙ ከውሃው ውስጥ ከሚያገኘው ዋቅላሚና ከጥቃቅን ሽሪምፕ የሚመጣ ነው። ጫጩቱ ግራጫ ሆኖ ይወለድና በዓመታት ውስጥ ይቀላል። የጭቃ ጉብታ ሠርቶ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ አንዷ ከተበላች ለዚያ ዓመት አለቀ። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2012 ሰው ሠራሽ ደሴት የተሠራላቸው።

እኔን ግን ከወፉ ይልቅ የያዘኝ ኩሬው ነበር። ቦታው የጨው ማምረቻ ነው፤ ቻማልቲ ይባላል፣ በቱርክ ትልቁ የባሕር ጨው ማምረቻ ነው። የባሕር ውሃ ወደ መጀመሪያው ኩሬ ይገባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨዋማነቱ ሲጨምር ወደሚቀጥለው ይለቀቃል፣ እንዲያ እያለ መጨረሻው ኩሬ ላይ ጨው ይታፈሳል። መሐል ላይ ያሉት ኩሬዎች ለዓሣ በጣም ጨዋማ፣ ለሽሪምፑ ግን ምቹ ናቸው። ፍላሚንጎው የሚበላው ከእነዚያ ነው። ሰው ለጨው ብሎ የሠራው ነገር ወፉንም መገበ ማለት ነው። የምህንድስና ተማሪ ይህን በክፍል ውስጥ አይማረውም። ስለ ትነት፣ ስለ ፍሰት መጠን፣ ስለ በር አከፋፈት እንማራለን፤ ውሃው ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ የፈተና ጥያቄ ግን መጥቶ አያውቅም።

ወንዙ ራሱም በመሐንዲስ እጅ ያለፈ ነው። ጌዲዝ የሚያመጣው ደለል የኢዝሚርን ወደብ ሊዘጋ ስለደረሰ እ.ኤ.አ. በ1886 አቅጣጫው ወደ ሰሜን እንዲዞር ተደረገ። ወደቡ ዳነ። የደቡቡ ረግረግ ደግሞ ይደርሰው የነበረውን ጣፋጭ ውሃ አጣ፤ መዘዙን ዛሬም ድረስ ይከፍላሉ። አስጎብኛችን ይህን ስትነግረን ማንንም አልወቀሰችም፤ ያኔ የተሠራው ሥራ ዛሬ ምን እንዳመጣ ብቻ ነው ያሳየችን።

ሶላተል ዙሁርን እዚያው ሰግደን ስንመለስ ኢንዶኔዥያዊው ጓደኛዬ እናንተ አገር አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሉ፣ አቢያታ ሐይቅ ላይ አልኩት። ከየት አቅጣጫ ነው የምታይዋቸው፣ በየትኛው ወር ነው የሚበዙት እያለ ቀጠለ። ለዚህ መልስ ያለው ተማሪ በግቢያችን ካለ እጁን ያውጣ።

አቢያታን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በአቢያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። እዚያም በትነት ኩሬ የሚሠራ ፋብሪካ ተተክሏል፤ የሶዳ አሽ። ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ሲያተን ኖሯል። ወደ ሐይቁ ይገባ የነበረው የቡልቡላ ወንዝና ምንጩ ዝዋይ ደግሞ ለመስኖ ይሳባሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። አጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጇቸውን ሠርተው ምግባቸውን ከአቢያታ ያመጡ የነበሩት ሻላ የተባሉት ትልልቅ ወፎች የሚያጠምዱት አጡ። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ለእነሱ የሚሆን ዓሣ ግን አይገኝበትም። እንግዲህ የጨው ኩሬ በአንዱ አገር ወፍ መገበ፣ የሶዳ ኩሬ በሌላው አገር ወፍ አስራበ። ልዩነቱ ያለው ውሃው ከየት እንደመጣና ስንት እንደቀረ ባሰላው ሰው ላይ ነው። ባሕር አያልቅም፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ያልቃል።

ቱርክንም ጀነት አላደርጋትም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ቱዝ በሚባለው የመሐል አገሩ ጨዋማ ሐይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የፍላሚንጎ ጫጩቶች በድርቅ ደረቅ መሬት ላይ ሞተው ተገኝተዋል፤ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ለእርሻ የተሳበውን ውሃ ሲወቅሱ መንግሥት አልተቀበለም። የጌዲዝና የቱዝ ልዩነት ቢያንስ በከፊል፣ አንደኛው ትልቅ ከተማ አጠገብ ሆኖ በየሳምንቱ የሚያየው ሰው መኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ጣና አጠገባችን ነው፤ ዓባይ ከሱ ሲወጣ በእግር ሄደን የምንደርስበት ቦታ ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ከኅዳር ጀምሮ ከሰሜን አውሮፓ ድረስ የሚበሩ ግራጫ፣ ረጅም አንገት ያላቸው ክሬኖች በአሥር ሺዎች እየሆኑ ይመጣሉ፤ ቀን ከታጨደ ማሳ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፣ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። የፎገራዎቹ ሸሸርና ወለላ ረግረጎች ደግሞ በእርሻ እየተገፉ ጠበዋል። እምቦጩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለመንቀል ዘምተን የተመለስን አለንበት።

እምቦጭ ከመምጣቱ በፊት የሆነው ግን ብዙ አይወራም። ሐይቁ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀመረ፣ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ እንዲመጥን። በ2003 ዝናብ ያነሰበት ዓመትና ለማመንጫው የተለቀቀው ውሃ ተደርበው የሐይቁ ወለል ክፉኛ ወረደ። ጀልባዎች ለወራት ቆሙ፣ ዳር ዳሩ ያለው ደንገል ደረቀ፣ የተራቆተው ዳርቻ ታረሰ። ከዚያ በ2010 የጣና በለስ ተከፈተ። 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ከጣና በዋሻ የሚወሰደው ውሃ ተርባይን አዙሮ ወደ በለስ ይወርዳል፣ ከእኛ ከጫግኒ በታች ባለው የመተከል ቆላ አልፎ የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ይገባል። እነዚህን ሥራዎች አልቃወምም። መብራቱን እፈልገዋለሁ፣ ሥራውንም ነገ የምጠይቀው እዚያ ነው። ከዚህ ግቢ የሚመረቁ ልጆች ናቸው የእነዚህን በሮች አከፋፈት ሰንጠረዥ የሚያዘጋጁት። ስንት ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ደንገሉ እንደሚደርቅ ሰንጠረዡ ላይ የሚጽፍ ሰው ደንገሉን አንድ ቀን ቢያየው ነው የምለው።

ደንገሉ ደግሞ የወፍ ብቻ አይደለም። ታንኳ የሚሠሩበት ወይጦዎች ናቸው። በዚህ ከተማ ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ ድሮ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ሌላው ሙስሊም ጭምር ሲርቃቸው ኖሯል። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ስለ ሐይቁ የሚያውቁትን የሚያክል ላይብረሪያችን ውስጥ የለም። ግቢያችን ከነሱ ሰፈር ምን ያህል ይርቃል? ስንቶቻችንስ ገብተን ሰላም ብለናል?

እኔ ያደግኩት ጫግኒ ነው፤ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ መድረሳ። ኡስታዛችን በቀራን፣ ነሕልን፣ ነምልን፣ ዐንከቡትን፣ ፊልን ሲያስቀሩን ላም፣ ንብ፣ ጉንዳን፣ ሸረሪትና ዝሆን በሱራ ስም ተሰልፈው ያልፉ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ የወፍ ምንቃር ዓይነቶችን ከመጽሐፍ ሥዕል ገልብጠናል። ዱራ ወንዝ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ይፈሳል፣ ሳቢሳዎቹ ከከብቱ ኋላ ኋላ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ግን አንድ ቀን አውጥተው አላሳዩንም። ዩኒቨርሲቲም ያው ነው። የቀረን ጀመዓው ነው።

ሐሳቡን ሳነሳ ከወንድሞች የሰማሁት ተቃውሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ ሕዝብ በተቸገረበት ሰዓት ወፍ ማየት ቅንጦት ነው የሚል። ሐረማያ ያደጉ ተማሪዎች ቢመልሱለት ደስ ይለኛል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ ከግብርናው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሆኖ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ ወፉም፣ ዓሣውም፣ የቧንቧው ውሃም ሄዱ። በኋላ ውሃው ቢመለስም ያ ጊዜ አልተረሳም። ሁለተኛው፣ ጉዞው ደዕዋ የለውም የሚል ነው። በሱረቱል አንዓም ወፎችም እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸው ተነግሮናል፤ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣውን ሰው ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኡስታዙ ይህንን ውሃው ዳር ቆሞ ቢያስተምረን ከድምፅ ማጉያው ያንሳል ብዬ አላስብም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ዘንድሮ አውቶቡስ አንከራይ። አሁን ባለው የመንገድ ሁኔታ ሩቅ መሄዱም አያስተማምንም፤ ዘንገናን ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ። ሱብሒን ሰግደን 12 ሰዓት ከግቢ በእግር እንውጣ፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት። በአንድ ዙር ከሃያ አምስት ሰው አንብለጥ፤ ሰው ከበዛ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ዙር ይሁን። ለዙሁር ግቢ እንደርሳለን። ሪሕላችን ከመግሪብ በኋላ ስለሚመለስ በየዓመቱ የሚቀሩት እህቶች በዚህ ይመጣሉ፤ ኢዝሚር ላይ ከሃያው ግማሹ እህቶች ነበሩ፣ ቀኑ አጭር ስለነበር ነው። ለአውቶቡስ ይዋጣ የነበረው ብር ከወይጦ አባቶች አንዱ ሐይቁን እንዲያሳዩን ለድካማቸው ይከፈል። አባት ስለሆኑ በዱዓ ብቻ አንሸኛቸው፤ ቀናቸውን ነው የሚሰጡን። ከባዮሎጂ ዲፓርትመንትም አንድ ሰው እንጋብዝ፤ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚባባሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ባይኖኩላር አንድ እኔ ጋ አለ፣ አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። ጥቁር ወይም ግራጫ ልብስ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ውሃና ቆሎ ይበቃል። ጉማሬ ካለበት ዳርቻ እንዳንጠጋ የሚነግሩንን መስማት ግን ግዴታ ነው። የሪሕላ ኮሚቴው ስብሰባ በመጪው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ነው፤ ሐሳቡን እዚያ አቀርበዋለሁ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ኑ፣ በተለይ ከሐረማያና ከዝዋይ አካባቢ የመጣችሁ።